ፊደልን በ«እሱ» ፈንታ፦ በሎዥባን ስምንና ፊደልን ተውላጠ ስም የማድረግ ዘዴ

«ካሳ ደሳለኝን ዳንግላ ገበያ አገኘውና ፈረሱን ሸጠለት፤ እየሳቀም ሄደ።» ይህን የሰማ የጎጃም ሰው ለጊዜው ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ነገሩ ሽማግሌ ፊት የደረሰ ዕለት ግን ጥያቄው ይበዛል። የተሸጠው ፈረስ የካሳ ነበር ወይስ የደሳለኝ? «ሸጠለት» ሲባል ደሳለኝ ገዢ ሆነ ማለት ነው ወይስ ካሳ የደሳለኝን ፈረስ ለሌላ ሰው ሸጦ ውለታ ዋለለት ማለት ነው? እየሳቀ የሄደውስ የትኛው ነው? በአማርኛ «እሱ» የሚለው ተውላጠ ስም አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ግሱ ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል። ስለዚህ ማን ማን እንደሆነ የምንለየው በሰዋስው ሳይሆን ሰዎቹንና ጠባያቸውን በማወቃችን ነው።

የውል ጸሐፊዎች ይህን ችግር አሳምረው ያውቁታል። በውሉ መግቢያ ላይ «አቶ ካሳ በላይ፣ ከዚህ በኋላ ሻጭ እየተባሉ የሚጠሩ» ብለው ይጽፉና እስከ እማኞቹ ፊርማ ድረስ «ሻጭ» እያሉ ይዘልቃሉ፤ «እሱ» የሚለውን ቃል እንደ እሳት ይሸሹታል። ሎዥባን የሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ይህንኑ የውል ጸሐፊ ዘዴ ወደ ዕለት ንግግር አምጥቶ፣ «ሻጭ» በሚለው ቃል ቦታ አንዲት ፊደል ብቻ እንድትበቃ አድርጓል። ከዚህ በታች የምገልጸው ያችን ፊደል፣ እንዲሁም ስምን፣ በተውላጠ ስም ቦታ እንዴት በጥበብ ማዋል እንደሚቻልና ጀማሪው የት የት ላይ እንደሚሰናከል ነው።

የቋንቋው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። ጄምስ ኩክ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር፣ ቋንቋ የተናጋሪውን አስተሳሰብ ይቀርጻል የሚለውን መላ ምት ለመፈተን አስቦ ሎግላን የተባለውን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1955 መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1987 የሎግላንን ሐሳብ ይዞ የተነሣ ማኅበር ተቋቁሞ ሎዥባንን አደራጀ፤ ሰዋስዉም እ.ኤ.አ. በ1997 በመጽሐፍ ተደነገገ። ከ1300 የሚበልጡት ሥርወ ቃላቱ የተቀመሩት ከቻይንኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሂንዲ፣ ከስፓኒሽ፣ ከሩስኛና ከዐረብኛ ነው። ስሙ የመጣው ሎግዢ (አመክንዮ) እና ባንጉ (ቋንቋ) ከሚሉት ሁለት ሥርወ ቃላት ነው።

ሎዥባንን በኛ ፊደል ስለመጻፍ

ሎዥባን በተለምዶ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እኔ ግን ደብተሬን በግእዝ ፊደል መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ትምህርቱ ቀለለኝ፤ ምክንያቱም ቋንቋው ስድስት አናባቢዎች ስላሉት፣ አናባቢ የሌለውን ተነባቢ ስንጨምርበት ልክ ሰባት ይሆናል። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ አምስቱን ዋና ዋና አናባቢዎች ይይዛሉ፤ ሳድስ ያለ አናባቢ ለሚቆም ተነባቢ ይውላል፤ ስድስተኛው አናባቢ ደግሞ «በ» እና «ገ» ስንል የምናሰማው የግእዝ መደብ ድምፅ ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚገባውን ትንፋሽ በሀ ቤት እጽፈዋለሁ። ከዚህ በኋላ ያሉት የሎዥባን ቃላት ሁሉ በዚህ ሥርዓት ይነበባሉ፤ በተለይም ሳድሱን እንደ አማርኛ ትንሽ አናባቢ ሳይጨምሩበት ደረቁን መጥራት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው የፊደሎቹ ስም ነው። በሎዥባን የተነባቢ ፊደል ስም የሚሠራው ተነባቢውን ከስድስተኛው አናባቢ ጋር በማጣመር ነውና፣ ዝርዝሩ በ፣ ሸ፣ ደ፣ ፈ፣ ገ፣ ዠ፣ ከ፣ ለ፣ መ፣ ነ፣ ፐ፣ ረ፣ ሰ፣ ተ፣ ቨ፣ ኸ፣ ዘ ይሆናል። የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ የጎጃም ልጅ የመጀመሪያውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚላቸው እነዚህኑ ነው። አንድ የለንደን ወይም የቶኪዮ ተማሪ እነዚህን ስሞች በቃሉ መያዝ ሲኖርበት፣ እኛ ግን ገና በልጅነታችን ይዘናቸዋል። አናባቢዎቹ ብቻ «ቡ» የምትል ጭራ ይጨምራሉ፦ አቡ፣ ኤቡ፣ ኢቡ፣ ኦቡ፣ ኡቡ፣ ኧቡ።

መሠረታዊው ሥርዓት

በሎዥባን ፊደል ብቻዋን በስም ቦታ ስትቆም ተውላጠ ስም ትሆናለች፤ የምታመለክተውም፣ ስሙ ወይም መጠሪያው በዚያች ፊደል የሚጀምረውንና በቅርቡ የተጠቀሰውን ሰው ወይም ነገር ነው። ሌላ ምንም ማወጅ አያስፈልግም። ይህን በምሳሌ ለማየት አራት ትንንሽ ቃላት ማወቅ ይበቃል። «ላ» ከተጸውዖ ስም በፊት ትገባለች፤ «ሎ» ከወል ስም በፊት ትገባለች፤ «ሹ» ግሱ ሊመጣ ነው ብላ ታስጠነቅቃለች፤ «ኢ» አዲስ ዐረፍተ ነገር ትከፍታለች። ፊደሏን የሚወስነው ከ«ላ» ወይም ከ«ሎ» ቀጥሎ ያለው ቃል ነው እንጂ እነሱ ራሳቸው አይቆጠሩም። ግሱ በበኩሉ የተሳታፊዎቹን ቦታ በቅደም ተከተል ይወስናል፤ ለምሳሌ «ቬሽኑ» (ሸጠ) መጀመሪያ ሻጩን፣ ቀጥሎ የተሸጠውን፣ ሦስተኛ ገዢውን፣ አራተኛ ዋጋውን ይወስዳል፤ በዚህም «ሸጠለት» የሚለው ቃል ያመጣብን ጭቅጭቅ ከሥሩ ይደርቃል።

አሁን የዳንግላውን ገበያ ወሬ እንመልሰው፦

«ላ ካሳን ሹ ፔንሚ ላ ደሳለን»
«ኢ ከ ቬሽኑ ሎ ኺርማ ፔ ከ ቦይ ደ»
«ኢ ደ ሽሚላ»

የመጀመሪያው መስመር ካሳ ደሳለኝን አገኘው ይላል። ሁለተኛው፣ ከ የከን ፈረስ ለደ ሸጠ ይላል፤ «ኺርማ» ፈረስ ሲሆን «ፔ» የማን እንደሆነ ያሳያል። ሦስተኛው ደ ሳቀ ይላል። ደሳለኝ ሳይሆን ካሳ ቢስቅ «ከ ሽሚላ» እንላለን፤ ፈረሱ ራሱ ቢስቅ ደግሞ «ኸ ሽሚላ» ማለት እንችላለን፤ አማርኛው «እየሳቀ ሄደ» ሲል ፈረሱንም ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አላወጣውም ነበርና።

ሎዥባን ፊደልን የማይጠቀሙ ተውላጠ ስሞችም አሉት። «ኮሃ፣ ኮሄ፣ ኮሂ፣ ኮሆ፣ ኮሁ፣ ፎሃ፣ ፎሄ፣ ፎሂ፣ ፎሆ፣ ፎሁ» የሚባሉ አሥር ባዶ መጠሪያዎች ተዘጋጅተውለታል፤ ተናጋሪው ለፈለገው ሰው ያድላቸዋል። ችግራቸው አንዱ ከሌላው የሚለይበት ምንም ምልክት የሌለው መሆኑ ነው፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ኮሄ ሻጩ ይሁን ገዢው እረሳለሁ። ፊደል ግን የባለቤቷን ስም ጫፍ ይዛ ስለምትዞር አትረሳም። ስለዚህ ከአሥሩ ይልቅ ፊደልን እመርጣለሁ።

ቦይ

ከላይ በሁለተኛው መስመር ላይ «ቦይ» የሚል ቃል ሳናብራራው አልፈናል፤ እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም በፊደል ተውላጠ ስም የሚሳሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ሎዥባን ተከታትለው የመጡ ፊደሎችን አንድ ላይ ጠቅልሎ እንደ አንድ ተውላጠ ስም ይቆጥራቸዋል። «ከ ዱንዳ ኸ ደ» ብል፣ ካሳ ፈረሱን ለደሳለኝ ሰጠ ማለቴ ነበር፤ ቋንቋው የሚሰማኝ ግን «ካሳ ኸደ የተባለውን ነገር ለአንድ ያልታወቀ ሰው ሰጠ» ብሎ ነው። በአማርኛ ጆሮም «ኸደ» ሲባል ሰውየው የሄደ ይመስላል። በመካከላቸው «ቦይ» ሲገባ፣ «ከ ዱንዳ ኸ ቦይ ደ»፣ ሁለቱ ፊደሎች ይለያያሉ።

ይህን ቃል ለማስታወስ የጎጃም ሰው ሌላ ዘዴ አያሻውም። ቦይ እርሻን ከእርሻ የሚለይ፣ ውኃውንም በየመደቡ የሚያስኬድ ነው፤ የሎዥባኑም ቦይ ፊደልን ከፊደል ይለያል። ቃላቱ ዝምድና የላቸውም፤ የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ቦይን እየረሳሁ የጻፍኋቸውን አንቀጾች መልሼ ሳነብ ሁሉም ነገር ተቀላቅሎ፣ ሰጪው፣ ተቀባዩና ፈረሱ አንድ ሆነው ካገኘኋቸው ወዲህ፣ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር «ቦዩ የታለ?» እላለሁ።

ቦይ የማያስፈልግበትንም ማወቅ ጥሩ ነው። ከፊደሏ ቀጥሎ ግስ፣ «ላ» ወይም «ሎ» ከመጣ ፊደሏ በራሷ ታልቃለች። «ከ ቬሽኑ ሎ ኺርማ ደ» በሚለው ውስጥ ከ ከግስ በፊት፣ ደ ከሙሉ ቃል በኋላ ስለቆሙ መለያ አያሹም። ከቁጥር በኋላ ግን ያስፈልጋል፦ «ሬ» ሁለት ማለት ሲሆን «ሬ ኸ» ብንል ቋንቋው አንድ ያልታወቀ ቁጥር አድርጎ ያነበዋል፤ ከፈረሶቹ ሁለቱን ለማለት «ሬ ቦይ ኸ» ማለት ይገባል።

ፊደል ስትጋጭ

ስሞችን ወደ ሎዥባን ስናስገባ ከምናስበው በላይ ይጋጫሉ። ቋንቋው ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ የሚባሉ ድምፆች የሉትም። ስለዚህ ጥላሁን፣ ጫኔ፣ ተስፋዬና ፀጋዬ ሁሉም «ተ» ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጨ በሎዥባን ት እና ሽ ተጣምረው፣ ፀም ት እና ስ ተጣምረው ይጻፋሉና። ጀምበሬም ድ እና ዥ ሆኖ ስለሚጀምር ከደሳለኝ ጋር «ደ» ላይ ይገናኛል። ቀለሙና ካሳ «ከ» ላይ ናቸው። በሀ የሚጀምር ስም ደግሞ በትንፋሹ መጀመር ስለማይችል በኸ ይጻፋል፤ ስለዚህ ሀብታሙ ፈረስ በሚነሣበት ወሬ ውስጥ ከገባ «ኸ» ሰውየው ይሁን ፈረሱ መለየት ያዳግታል። ወርቁ ኡቡ ላይ፣ የሺ ኢቡ ላይ ያርፋሉ፤ እነሱ እምብዛም ተጋፊ የለባቸውም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሳይታወቅ የሚመጣው ግጭት ነው። «ላ ካሳን ሹ ቬሽኑ ሎ ካንባ ላ ደሳለን» ካልሁ በኋላ «ኢ ከ ባዥራ» ብዬ ልቀጥል። «ካንባ» ፍየል፣ «ባዥራ» ሮጠ ማለት ነው። እኔ ያሰብሁት ካሳ ሮጠ ለማለት ነው፤ ሥርዓቱ ግን በቅርብ የተጠቀሰውን ስለሚወስድ የሮጠው ፍየሉ ሆነ። ሎዥባን አሻሚነት የሌለው ቋንቋ ነው ሲባል የሚሰማ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። እውነቱ ይህ ነው፦ የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ የፊደሏ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን አሁንም በሰሚው አስተዋይነት ላይ ይወድቃል። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ተማሪዎች አንዱን ቃል ሰም፣ አንዱን ወርቅ እያደረጉ ለሚያድሩበት ጥበብ ሎዥባን በአወቃቀሩ በር ቢዘጋም፣ በተውላጠ ስሙ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ትቶለታል።

ለግጭት አራት መላ አለ። እኔ የምጠቀምባቸውን በምመርጣቸው ቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ቀዳሚው ከኛ ልማድ ጋር የተስማማው ነው። ፊደሎችን ቦይ ሳያስገቡ ማያያዝ ስሕተት የሚሆነው ሳያስቡት ሲያደርጉት ነው፤ ሆን ብሎ ያደረገው ሰው ግን የስሙንና የአባቱን ስም መነሻ ፊደሎች ይዞ ያልፋል። ካሳ በላይ «ከበ»፣ ካሳ ደምሴ «ከደ»፣ ካሳ መኮንን «ከመ» ይሆናሉ። በአያት መለየት ካስፈለገ ሦስተኛ ፊደል መጨመር ይቻላል። በኛ ዘንድ የአባት ስም የሚሠራው ሥራ ይኸው ስለሆነ ዘዴው የተፈለሰፈው ለኛ ይመስላል። ወል ስሞችም እንዲሁ ናቸው፤ «ሎ ባርዳ ጌርኩ» (ትልቁ ውሻ) «በገ» ቢባል ከሌላው ውሻ ይለያል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ውሻው ቆይቶ በግ ሆኖ ይሰማናል።

ሁለተኛው «ጎይ» ነው፤ ይህም የውል ጸሐፊው «ከዚህ በኋላ እየተባለ የሚጠራ» ያለው ሐረግ በአንድ ቃል ሆኖ ማለት ነው። ከጎይ በግራ ያለውና በቀኝ ያለው አንድ ነገር ይሆናሉ። የፈረሱ ሽያጭ ውል እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«ላ ካሳን ጎይ ከ ሹ ቬሽኑ ሎ ኺርማ ጎይ ኸ ላ ደሳለን ጎይ ደ»
«ኢ ደ ዱንዳ ሎ ዥዲኒ ከ»

ካሳ፣ ከዚህ በኋላ ከ፣ ፈረስ፣ ከዚህ በኋላ ኸ፣ ለደሳለኝ፣ ከዚህ በኋላ ደ፣ ይሸጣል፤ ደ ገንዘብ («ዥዲኒ») ለከ ይሰጣል። አንዴ በጎይ የተሰጠች ፊደል ሌላ ከ-ጀማሪ ቃል ቢመጣም ባለቤቷን አትለቅምና የፍየሉ ችግር ይወገዳል። ጎይ ፊደሏ ከስሙ መነሻ ጋር እንድትገጥምም አያስገድድም፤ ሻጩን በቬሽኑ መነሻ «ቨ» ማለትም ይቻላል። ነገሩ ገንዘብ፣ መሬት ወይም ጠብ የነካ እንደሆነ ሁልጊዜ ጎይን እመክራለሁ፤ ለተራ ጨዋታ ግን ያለ ጎይ መሄድ ንግግሩን ያቀልለዋል።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። «ኺ» ከፊደሏ ሥር የሚጻፍ ቁጥርን ታስገባለች፤ «ኸ ኺ ፓ» ፈረስ አንድ፣ «ኸ ኺ ሬ» ፈረስ ሁለት ነው። ፍርድ ቤት «1ኛ ተከሳሽ፣ 2ኛ ተከሳሽ» የሚለውን የሚያስታውስ ሰው አይቸግረውም። ቁጥሩ ስለማያልቅ ተውላጠ ስሙም አያልቅም፤ ሆኖም ቁጥር ከሦስት ካለፈ ሰሚው ሒሳብ የሚሠራ እንጂ ወሬ የሚሰማ አይመስለውም።

አራተኛው «ቡ» ነው፤ ከሁሉ የሚያስደስተኝም እሱ ነው። አናባቢዎችን ፊደል ያደረገቻቸው ይህችው ቡ ማንኛውንም ቃል ለማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ፊደልነት ትለውጣለች። «ካንባ ቡ» ብንል «ፍየል» የምትባል ፊደል ፈጠርን ማለት ነው፤ ፊደል እስከሆነች ድረስም ተውላጠ ስም ትሆናለች። ስለዚህ «ሎ ካንባ ጎይ ካንባ ቡ» ብለን ከጀመርን በኋላ ከ ለካሳ፣ ካንባ ቡ ለፍየሉ ሆነው ሳይነካኩ ይሄዳሉ። ደስታን የምትገልጸው ቃል ከቡ ጋር ስትጣመር የፈገግታ ምልክት ስም ሆና እንደምታገለግል ማየት የዚህን ዘዴ ስፋት ያሳያል። ጥንቃቄው ሁለት ነው፦ ቡ የምትለውጠው ከፊቷ ያለችውን አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ለውጡ ከተደረገ በኋላም ቃሉ የወል ስም መሆኑ ስለሚቀር «ሎ» አይቀድመውም። «ሎ ካንባ ቡ» ብሎ ነገር የለም።

ለግእዝ ፊደል ወዳጆች አንድ ተጨማሪ ነገር ልናገር። «ሴሄ» የሚለው ቃል ከእሱ ቀጥለው የሚመጡት አኃዞች የአንድ ፊደል የኮምፒውተር መለያ ቁጥር መሆናቸውን ያሳውቃል። በዩኒኮድ ሀ በአሥራ ስድስትዮሽ አቆጣጠር 1200፣ ቀ ደግሞ 1240 ናት። ስለዚህ «ሴሄ ፓ ሬ ቮ ኖ» ያለ ሰው በሎዥባን ውስጥ የሌለችውን ቀን ጠርቷታል፤ በጎይ ለቀለሙ ከሰጣትም ካሳና ቀለሙ ከእንግዲህ አይጋጩም። አምስት ቃል የሚፈጅ ተውላጠ ስም ለንግግር እንደማይመች አውቃለሁ፤ በጽሑፍ ግን ያምራል።

ስምን ተውላጠ ስም ማድረግ

ጎይ ፊደልን ብቻ ሳይሆን ስምንም ትሰጣለች። መንገድ ላይ ያገኘኋትን፣ ስሟን የማላውቀውን ሴት «ሎ ኒንሙ ጎይ ላ ኤጌሊት» ብዬ ልሰይማት እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ «ላ ኤጌሊት» ስል እሷን ማለቴ ነው። የሎዥባን ተጸውዖ ስም በተነባቢ መጨረስ ስላለበት «እገሊት» እንዳለች ስትገባ «እገሌ» ግን ን ወይም ስ መጨመር ይኖርበታል። ካሳ «ካሳን» የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ግን መጨረሻቸው ተነባቢ ስለሆነ ጭማሪ አይሹም።

በ1997ቱ ድንጋጌ አንድ ሌላ ገደብ ነበረ። በስም መካከል «ላ»፣ «ላይ» ወይም «ዶይ» የሚል ክፍል ሊገባ አይችልም፤ ሰሚው አዲስ ስም የተጀመረ መስሎት ይሰነጥቀዋልና። ከፊቱ ደረቅ ተነባቢ ካለ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ዳንግላ፣ ላዋ ከሳድስ ግ በኋላ ስለመጣች «ዳንግላን» ተብላ በሰላም ታልፋለች፤ በላይ ግን «በላይስ» ሲባል ይሰነጠቃል። ይህም የጎጃምን አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀን መጥራት ያስቸግራል ማለት ነው። መፍትሔው በኛው ባህል ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር ነውና «ላ አባኮስትር» ብንል ገደቡም አይነካን፣ መጨረሻውም ር ነው፣ ፊደሉም አቡ ይሆናል። ከጊዜ በኋላ ብዙዎች ከስም በፊትም ሆነ በኋላ ትንሽ ማረፍን ግዴታ ያደረገውን ልማድ ስለተቀበሉ፣ በዚያ መሠረት «በላይስ» ያለ ችግር ይባላል።

ሰውየው አስቀድሞ ሁለት የታወቁ ስሞች ካሉት ግን ጎይ አይደለችም ተገቢዋ፤ «ኖሁ» ናት። ጎይ አዲስ መጠሪያ ትሰጣለች፤ ኖሁ ሁለቱ የታወቁ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ትናገራለች። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ የተደረገው ጎይ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዛሬ የታሪክ ተማሪ ሁለቱን ስሞች ሲያያይዝ ግን «ላ ተክለኻይማኖት ኖሁ ላ ራስአዳል» ይላል።

እኚሁን ንጉሥ ከጠቀስን፣ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የሆነውን እንመልከት። በአማርኛ «ንጉሥ ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ማረኳቸው» ብንል፣ የአክብሮቱ «እሳቸው» ከብዙው «እነሱ» ጋር ስለሚመሳሰል ማራኪው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተማረከም ጭምር ይጠፋል። ሎዥባን «ላ ምኒልክ ፑ ዳምባ ላ ተክለኻይማኖት። ኢ መ ፑ ካቭቡ ተ» ብሎ ይጨርሰዋል፤ «ፑ» ኃላፊ ጊዜን፣ «ዳምባ» መዋጋትን፣ «ካቭቡ» መማረክን ያሳያሉ። ማራኪው መ፣ ተማራኪው ተ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የጎጃም ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፦ ንጉሥን «ተ» ማለት ድፍረት አይሆንም ወይ? የሎዥባን ፊደል ጾታን፣ ቁጥርንና ማዕረግን አትለይም፤ «አንተ»ና «አንቱ» የሚባል ልዩነት በተውላጠ ስሙ ውስጥ የለም። አክብሮት የሚፈልግ ሰው ግን «ዮ» የምትል የስሜት ቃል አለችለት፤ ከየትኛውም ቃል በኋላ ስትገባ ለዚያ ቃል ባለቤት ያለንን አክብሮት ትገልጻለች። «ኢ መ ዮ ፑ ካቭቡ ተ ዮ» ሲባል ለማራኪውም ለተማራኪውም ወግ ተሰጠ። እኔ አባቴን በሎዥባን በፊደል ስጠራ ዮን አልረሳም።

ፊደልን ከ«ሪ» ጋር ማጣመር

«ሪ» ማለት ከሁሉ ቅርብ የተጠቀሰው ማለት ነው። ይህች ቃል ወደ ኋላ ስትቆጥር ፊደሎችን ሳትቆጥር ትዘላቸዋለች፤ ፊደል ለመድገም ራሷን ፊደሏን ማለት ይቀልላልና። ከዚህ ጥሩ ብልሃት ይወጣል። «ከ ቬሽኑ ሎ ኺርማ ደ» ብዬ «ኢ ሪ ባዥራ» ብል፣ ደ መጨረሻ ላይ ቢቆምም ሪ ተሻግራው ፈረሱ ላይ ታርፋለች። ስለዚህ ሰዎቹን ሁሉ በፊደል ይዤ አንዱን አዲስ ነገር ብቻ በሙሉ ስሙ ሳነሣ፣ ሪ ሁልጊዜ ለአዲሱ ነገር ትተርፈኛለች። ሰዎቹን በሙሉ ስማቸው እየጠራሁ ሪን ለመጠቀም ስሞክር ግን ከሰው ወደ ሰው ትዘልብኛለች።

ስለ ፊደሏ ራሷ ለመናገር፣ ለምሳሌ «ከ በፊደል ገበታ ላይ የት ናት?» ለማለት፣ «ሜሆ ከ» ይባላል፤ አለዚያ ሰሚው ካሳ የት ነው ብለን የጠየቅን ይመስለዋል።

በመጨረሻ፣ ወሬው ሲለወጥ ፊደሎቹን መፍታት ያስፈልጋል። «ዳሆ» የምትለው ቃል እስካሁን በጎይ የተሰጡትን ሁሉ ትሰርዛለች። የፈረሱን ሽያጭ ጨርሶ ስለ ከበደ ሠርግ ሊያወራ የሚፈልግ ሰው ዳሆ ሳይል ከ ብሎ ከጀመረ፣ ሰሚው ሙሽራው ካሳ ነው ብሎ ሊሄድ ይችላል። «ዳሆ ኢ ላ ከበደን ጎይ ከ» ካለ ግን ከ ከካሳ እጅ ወጥታ የከበደ ትሆናለች፤ ካሳም ዳግመኛ ከተነሣ በሙሉ ስሙ ወይም «ከበ» ተብሎ ይጠራል፤ የከበደ አባት በላቸው ከሆኑ ግን «ከበ»ም ለሁለት ስለምትሆን ጎይን መልሶ ማምጣት ግድ ነው።